በሸምበቆ ሜዳ የሞተ የለም

ሸምበቆ ሜዳ ሰው ከሞተ አስራ አንድ ዓመት አልፎታል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የደብረ ምንጭ ከተማ የውሃ ሽያጭ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ነው። እስካለፈው ግንቦት መዝገቡ ላይ አራት መቶ አስራ ሁለት ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ዓመትም አራት መቶ አስራ ሁለት፣ ከዚያም በፊት እንደዚያው። ምክር ቤቱ ከኩራቱ ብዛት ከተማው መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አቁሟል፤ «ውሃችን ዕድሜ ይቀጥላል» ይላል። በየቀኑ ከስሩ አልፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ «ነገሩ እንዴት ነው?» አላልኩም። ምን ይደረግ፣ የምኖረው በዚያው ሥራ ነው።

ስሜ ስንዱ ነው። ሥራዬ አረጋጋጭነት ነው። አረጋጋጭ ማለት ከተማው ውሃ ወደሚሸጥላቸው ጎረቤት ቀበሌዎች እየሄደ፣ በመዝገብ የሰፈረው ሰው በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ነው። ውሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተፈረመ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም በቀን አስራ አምስት ሊትር። ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፣ ሁላችንም በቃላችን እንወጣታለን፤ የተወለደ አይጨመርም፣ የሞተ ይቀነሳል። በቃ፣ ይህችው ናት። ስንቀጠር ይህችን ሲያስነብቡን ከመሃላችን አንዷ «ታዲያ ሕፃናቱ ምን ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀች። አሰልጣኙም «እሱ የገዢው የውስጥ ጉዳይ ነው» አላት። ልጅቷ ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ አልነበረችም።

አረጋጋጭ በተወለደበት ቀበሌ አይመደብም። እኔ ደግሞ የተወለድኩት ሸምበቆ ሜዳ ነው። ስለዚህ ሌሎች ቀበሌዎችን ሳገላብጥ ኖሬ የራሴን ሳላይ ቀረሁ። ከተማ የገባ ሰው እንደ ልቡ አይወጣም፤ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴን የይታክቱ አድማስን ዓይን አላየሁም። እሁድ እሁድ ከቀበሌው ስልክ ትደውልልኛለች፣ ድምፅ ብቻ። እናቴ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጣፋጭ ሰው አልነበረችም። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ድምፅሽ ምን ሆኗል? ደግሞ ሳትደርቢ ወጣሽ አይደል?» ብላ ቁጣዋን ትጀምራለች። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ለሰለሰች። «በላሽ ልጄ? እንቅልፍስ ይወስድሻል?» ትለኝ ጀመር። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ደስም አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ እሁድ እስኪደርስ የሚጨንቀኝ ያኔ ነው የጀመረኝ።

ባለፈው ግንቦት ላይ የተጧሪ ፈቃድ ወጣልኝ። አንድ ወላጅ ከቀበሌ አምጥቶ ከተማ ውስጥ አብሮ ለመኖር የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ የሚሠራው ለአንድ ቀን፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ብቻ። ሰባት ዓመት ለምኜበታለሁ። አልጋ ገዛሁላት። መስኮቱ ስር አስቀመጥኩት። በስልክ ነገርኳት። እሷ ግን «ልጄ፣ ምን ያደክምሻል? ይቅርብሽ» አለችኝ። ቱግ አልኩ። «ሰባት ዓመት ለምኜ? ትመጪያለሽ፣ አለቀ!» ብዬ ጮህኩባት። የድሮዋ እናቴ ብትሆን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋው ነበር። ይህችኛዋ «እሺ ልጄ» አለች።

ሸምበቆ ሜዳ የደረስኩት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ኮሌታዬ ላይ ጆሮ አለ፤ የአረጋጋጭ ጆሮ ሥራ ላይም ሆነ ዕረፍት ላይ አይወልቅም፣ የሰማውን ሁሉ ለጽሕፈት ቤቱ ያቀብላል፣ የጽሕፈት ቤቱንም ትእዛዝ ይናገራል። ሰዓቱ የጥሪ ሰዓት ነበር። ቧንቧው ሜዳው መሃል ቆሟል፣ ሰዉ ጀሪካን ይዞ ከቦታል። ቧንቧው ስም ይጠራል፣ ባለ ስሙ «አለሁ» ይላል፣ አስራ አምስት ሊትር ይወርድና ይዘጋል። ከዚያ ሌላ ስም።

«አበጀ ውብነህ።»

«አለሁ።»

«አንጓች ውብነህ።»

«አለሁ።»

እኛ አረጋጋጮች ጥሪን አናይም። የምንደርሰው ረፋድ ላይ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ከየመቶው ስም አስሩን እናስጠራለን፣ እናያለን፣ ፈርመን እንሄዳለን። ስለዚህ ያን ጠዋት ያየሁትን በሥራዬ ዘመን ሁሉ አይቼው አላውቅም። ቧንቧውን የከበበው ትልቅ ሰው ቢበዛ መቶ ሠላሳ ቢሆን ነው። «አለሁ» ማለቱ ግን አላቋረጠም። አንዲት ወፍራም ሴት በራሷ ድምፅ መለሰች። ጥቂት ቆይታ ጉሮሮዋን ጠረገችና በሽማግሌ ድምፅ «አለሁ» አለች። ደግሞ ቆይታ እንደ ባልቴት ቀጠን አድርጋ «አለሁ»። አጠገቧ ያለው ሰውዬም እንደዚያው። ማንም አልሳቀም። ከኋላቸው ስማቸው የማይጠራው ተሰልፈዋል፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተወለዱት ሁሉ፣ ጎረምሳውም፣ የታዘለውም። ሕፃናቱ እንኳ አያለቅሱም ነበር።

«ይታክቱ አድማስ» አለ ቧንቧው።

«አለሁ።»

ያው የእሁዱ ድምፅ ነው። «እማዬ!» ብዬ ሰዉን እየገፋሁ ገባሁ። መንገድ ለቀቁልኝ፣ ግን አንድም ሰው ዓይኔን አላየም። ድምፁ በመጣበት በኩል እናቴ የለችም። ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ናት ጎንበስ ብላ የጀሪካኗን ክዳን የምታጠብቀው። ቀና ብላ አቅፋ ሳመችኝ፣ ደጋግማ።

«እማዬስ?» አልኳት።

የመለሰልኝ አያ ቢምረው ነው። አያ ቢምረው የቀበሌው የውሃ አባት ነው፤ ማን መቼ እንደሚቀዳ፣ የማን ውሃ ለማን ልጅ እንደሚደርስ የሚዳኘው እሱ ነው። «ወጣ ብላለች፣ ትመጣለች። ነይ ግቢ፣ አረፍ በይ የኔ ልጅ» አለኝ። ዓይኑን ከኮሌታዬ ላይ አልነቀለም።

እናቴ ቤት ገባን። ቤቱ ተጠርጓል፣ መደቡ ተነጥፏል፣ ግን ቤቱ የሰው ሽታ የለውም። ተቀመጥኩ። ከዚያ ሰው አንድ አንድ እያለ ይገባ ጀመር። ሽማግሌዎች፣ የእናቴ ጓደኞች፣ ክርስትና ያነሳችኝ ሴትዮ። ሰላም እያሉ መሬት መሬቱን እያዩ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ማንም ወሬ አያመጣም። በማለዳ፣ ሰው ሳያስብ፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ገብተው ዝም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። እኔ ግን እንቢ አልኩ። በሆዴ «ቧንቧው አሁን ጠርቷት መልሳ የለም እንዴ?» እያልኩ ተሟገትኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ክርስትና እናቴ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኮሌታዬ አሳየችኝ።

እትዬ ደብሪቱ በሳህን ንፍሮ ይዛ መጣች። አልነካሁትም። አጠገቤ ተቀምጣ በእጇ ልታጎርሰኝ ዘረጋች።

«ብዪ እንጂ ልጄ። ይታክቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምግብ የሚገፋ ሰው አትወድም ነበር።»

አፏን በመዳፏ ከደነች፣ ግን አንዴ ወጥቷል። የሞተ ሰው ስም ሲነሳ የማናችንም ምላስ ይህችን ሳይል አያልፍም፤ ከተወለድን ጀምሮ የሰማነው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እናቴን ሆና ስትመልስ አንድ ቀን ያልተሳሳተች ሴት እኔን ላጉርስ ስትል አመለጣት። ንፍሮው ከእጇ ረገፈ።

«በይታክቱ አድማስ ስም ላይ የሙት ቃል ተሰምቷል» አለ ኮሌታዬ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ማጣራት ተጀምሯል። ባለ ስሟ ከልጃቸው ጋር ሦስት ደቂቃ ይነጋገሩ። ልጅ ያረጋግጡ። ካልተረጋገጠ የቀበሌው መዝገብ በሙሉ ፊት ለፊት ይታያል።»

መዝገብ ፊት ለፊት መታየት፣ ባለ ስሙን ሁሉ አንድ በአንድ በአካል አቅርቦ መቁጠር፣ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰንበሌጥ የሚባል ቀበሌ ላይ በራሴ እጅ ሠርቼዋለሁ። ሦስት መቶ ስም ይዤ ገብቼ ዘጠና ስድስት ይዤ ወጣሁ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ በሮቹ በሙሉ ከውጭ ተቀርቅረዋል። ደጃፎቹ ሁሉ በንጽህና ተጠርገዋል፤ ሊሄዱ ሲሉ ጠርገው መሆኑ ነው። ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሪፖርቱ ላይ «ገዢው ውሉን በፈቃዱ አቋርጧል» ብለን ጻፍን። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

አያ ቢምረው መሬት ላይ ወድቆ እግሬን ያዘ። በተከፈተው በር ደጅ ላይ የቆሙት ልጆች ይታያሉ። እናቴ ሞታለች። ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወይ ላለቅስላት ወይ እነዚህን ሁሉ ላጠጣ ነው።

እትዬ ደብሪቱን አየኋት። እዚያው ቤት መሃል ፀጉሯን ብነጭ ደስ ባለኝ። እሁድ እሁድ ያታለለችኝ፣ «በላሽ?» እያለች ያስለመደችኝ እሷ ናት።

«እማዬ» አልኩ። የገዛ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

«ወዬ ልጄ።»

«ታመሽ ነበር አሉ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምጠይቃት ገባት። «አዎ፣ ታምሜ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይ። ሆዴን ነው የያዘኝ። አራት ቀን።»

«አራት ቀን ብቻ?»

«አራት ቀን ብቻ። ብዙ አልተሰቃየሁም። ይሄን እወቂልኝ።»

«ማን ነበር አጠገብሽ?»

«ደብሪቱ ነበረች። እግሬን ስታሽልኝ፣ ስታገላብጠኝ፣ አንድ ደቂቃ አልተለየችኝም።»

«እኔን ለምን አላስጠራሽኝም?» እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ጆሮ ለቅሶን ይለያል፤ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

«አንቺ ከሰማሽ ሁሉም ይሰማል ብዬ ነው ልጄ። ሥራሽንም ፈርቼ። ይቅር በይኝ።»

«ተቆጥተሽኝ ነበር?»

«እኔ? እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ሰዓት! ቤቱ ውስጥ የእናቴን ቁጣ ያልቀመሰ ሰው አልነበረም። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ድምፅ ሳላሰማ። ደብሪቱም ዓይኗን ጠረገች።

«ተቆጥቼስ ነበር» አለች። «‹ያቺ ልጅ ዛሬም ሳትደርብ ወጥታለች› እያልኩ ነበር እስከ መጨረሻው። በአራተኛው ቀን ስምሽን ጠራሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ደከመኝና ተኛሁ።»

«የት ነው የተኛሽው?»

«ከጓሮ፣ ቁልቋሉ ስር። ጥላ አለው። ምቹ ነው።»

መርዶዬን የተረዳሁት እንግዲህ እንዲህ ነው። ሰው የእናቱን መርዶ ከሽማግሌ ይሰማል፣ ከጎረቤት ይሰማል። እኔን ያረዳችኝ እናቴ ናት፣ በራሷ ስም፣ «ተኛሁ» ብላ።

«ድምፁ በመዝገብ ካለው የይታክቱ አድማስ ድምፅ ጋር አንድ ነው» አለ ኮሌታዬ። እንዴት አንድ አይሆን! ሁለት ዓመት በየጠዋቱ የሰማው ይህንኑ ነው፤ ማሽን የሚያምነው የቅርቡን ነው። የእናቴን የራሷን ድምፅ ላስታውስ ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩት። የመጣልኝ የደብሪቱ ድምፅ ነው።

«ልጅ ያረጋግጡ።»

«እናቴ ናት» አልኩ።

ሰዉ ተነፈሰ። አያ ቢምረው እግሬን ለቆ ግንባሩን መሬት ላይ አሳረፈ። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ኮሌታዬ ግን ቀጠለ። «ይታክቱ አድማስ መኖራቸው ተረጋግጧል። የተጧሪ ፈቃድ በስማቸው ክፍት ነው፣ እስከ ቀትር ይሠራል። ተጧሪ በሕይወት እያሉ ካልተጓዙ ምክንያቱ በአካል ይጣራል። መልካም ጉዞ።»

ያንን ፈቃድ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት። ማንም ማንንም አልወቀሰም። አያ ቢምረው ደብሪቱን አያት፣ ደብሪቱ አያ ቢምረውን አየችው። ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሳች።

«እንሂድ ልጄ» አለችኝ። «ሰባት ዓመት ለምነሽ የለ።»

የያዘችው አንድ ፌስታል ነው። ቤቷ እንኳ ተመልሳ አልገባችም፤ ይታክቱ ደብሪቱ ቤት ምን ታደርጋለች? ወንድ ልጇ ከነሚስቱና ከሦስት ልጆቹ መኪናው ድረስ ሸኘን። አምስቱም መዝገብ ላይ የሉም፤ የሚጠጡት ደብሪቱ በራሷ ስምና በሙታን ስም የምትቀዳላቸውን ነበር። ከእንግዲህ «ደብሪቱ» ተብሎ ሲጠራ የምትመልሰው ያቺ ወፍራሟ ሴትዮ ናት። ልጆቹ ተራ በተራ የአያታቸውን ጉልበት ሳሙ። ትንሿ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ኮሌታዬን ቀና ብላ አየችና «እትዬ ይታክቱ፣ በደህና ግቡ» አለቻት። ማንም አልነገራትም፤ እነሱ እንደሆነ ይህንን ከመራመድ በፊት ይማሩታል። ደብሪቱም «እደጊልኝ የጎረቤቴ ልጅ» ብላ ሳመቻት። ከተማው በር ላይ ስሟን ተጠየቀች፣ መለሰች፣ ገባን። ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ቀን ሸምበቆ ሜዳን ወደ አራት መቶ አስራ አንድ ዝቅ አደረገው፤ ምክንያት፣ ወደ ከተማ መዛወር።

ይኸው አምስት ወር ሆነን። ይህን በእርሳስ የምጽፈው ቤታችን ውስጥም ጆሮ ስላለ ነው፤ ጣሪያው ላይ፣ እንደ ማንኛውም ተጧሪ እንዳለበት ቤት። ስለዚህ «እማዬ» እላታለሁ፣ ጠዋትም፣ ስበላም፣ ስናደድም። መጀመሪያ ላይ ጠላኋት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ይመረኝ ነበር። ስትስቅ እናደዳለሁ፣ ዝም ስትል እናደዳለሁ። እሷ ሁሉንም ትችለዋለች። ቀን ቀን መስኮቱ ስር ተቀምጣ የሰፈሩን ልጆች ትቆጥራለች፤ የማን ልጅ እንደጠፋባት እኔ አውቃለሁ፣ ግን አንድም ቀን «የልጅ ልጆችሽ» ልላት አልችልም። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትማ።

ባለፈው ሳምንት ፎቁ ላይ አንድ አዛውንት ሞቱ። ከተማ ውስጥ ማልቀስ ይቻላል፤ ድንኳን ተጣለ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ወረዱ። እኔና እሷም ለቀስተኛ ሆነን ሄድን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብተን አንድ ጥግ ተቀመጥን። የሚያለቅሱትን ሳያቸው ቀናሁባቸው። አዎ፣ ቀናሁ። ጮክ ብለው ስም ይጠራሉ። እኔ የእናቴን ስም ጮክ ብዬ ጠርቼ የማለቅስበት ቀን አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ይህች አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የምትሞትበት ቀን። እሷ ስትሞት ይታክቱ አድማስ ሞተች ይባላል። ያኔ እንደ ልቤ እጮሃለሁ። ለእሷ ለራሷ ግን የሚያለቅስ የለም፤ ሸምበቆ ሜዳ ደብሪቱ በየጠዋቱ «አለሁ» ትላለች።

ስንመለስ ደረጃው ላይ እጄን ያዘች። «እኔ ስሞት እንዲህ አድርገሽ አልቅሺልኝ» አለችኝ። «ጓደኛዬን ደብሪቱንም በሆድሽ አስቢያት። ብዙ ደክማልኛለች።» እጇን ሳምኩት። ከሸምበቆ ሜዳ ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ሳለ አሳላት። ደረቅ ሳል ነው፣ አልለቅ አላት፣ ጎበጠች። ሮጬ ውሃ ሰጠኋት፣ ጀርባዋን ደገፍኩ። እየደገፍኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ውስጤ የሆነ ነገር ላላ። እንባዬ መጣ፣ ለእናቴ እንዳለቅስ የምለቀቅ መሰለኝ። ፊቴን አየችው። ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችልኝና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው።

«አይዞሽ ልጄ» አለችኝ፣ «ገና ነኝ።»